መቶ እግር ስንት እግር አለው?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። አንዳንዴ ግን መልአኩ ሳይቆጥር የሚያወጣ ይመስለኛል። ይህን የምለው በቅርቡ አንድ ትንሽ ፍጥረት ከጎረቤቴ ጋር ስላጣላኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ወሎ ሰፈር በምኖርበት ግቢ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ ሁለት የቀን ሠራተኞች ተጠሩና ቦዩን መቆፈር ጀመሩ። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ሲገለበጥ ከውስጡ ቀጭን፣ ቢጫማ፣ እንደ ክር የረዘመና የሚጠማዘዝ ነገር ወጣ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው፣ ከዚያም ሦስተኛው ተከተለ። የግቢው ሕፃናት ተንጫጩ። በግቢያችን በዕድሜም በሥልጣንም የሚበልጧት እማማ ከቤታቸው ብቅ ብለው አንዴ አዩና ፍርዱን ሰጡ፤

‹‹መቶ እግር ነው! ጆሮ ውስጥ ከገባ እስከ አንጎል ድረስ ነው የሚሄደው። በሉ አንድ ልጅ ሮጦ ማላታይን ያምጣ!››

ማላታይን ማለት የአዲስ አበባ ሰው ለትኋኑም፣ ለቁንጫውም፣ ለበረሮውም የሚረጨው፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ማላታዮን የሚባለው መርዝ ነው። ሊደፋበት የታሰበው ቦይ ደግሞ በአንድ ወገን የእማማን የጎመን መደብ፣ በሌላ ወገን ልጆቹ ብይ የሚጫወቱበትን ሜዳ ይዋሰናል።

‹‹እማማ፣ እባክዎ አንድ ቀን ይስጡኝ፤ ምን እንደሆነ ላጣራና እነግርዎታለሁ›› አልኳቸው።

‹‹አንተ ልጅ፣ ሕግ ተምረህ ከቀጠሮ ሌላ ምን ታውቃለህ!›› አሉኝ። ሃምሳዎቹን ያጋመስኩ ሰው ነኝ፤ ለእሳቸው ግን ልጅ ነኝ። ቢሆንም ቀጠሮው ተፈቀደልኝ።

የሕግ ትምህርት አንድ ልማድ ያስይዛል። ተከሳሹ ማን እንደሆነ በትክክል ሳይለይ ፍርድ አይሰጥም። ስሙ ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ ሌላ ሰው ታስሮ የሚከርምበትን አጋጣሚ በሙያው ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ አንዱን እንስሳ በጠርሙስ አስገብቼ፣ ልጄ ለትምህርት ቤት የገዛችውን የማጉያ መነጽር ተውሼ፣ እግሩን ለመቁጠር ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ቆጥሬ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ። እንስሳው አልቆም አለኝ። ሦስቱም ቁጥሮች ግን ከ40 ጥንድ በላይ ነበሩ። ይህች ብቻ ብዙ ነገር ለማወቅ በቂ ነበረች።

መቶ እግር የሚባሉት እንስሳት በዓለም ላይ ከ3,000 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ሳይንሱ በአምስት ክፍለ መደቦች ይከፍላቸዋል፤ ከአምስቱ አንዱ በአውስትራሊያዋ ታስማኒያና በኒውዚላንድ ብቻ ስለሚገኝ እሱን ወደ ጎን እንተወው። የቀሩትን አራቱን ግን ማንም ሰው እግር በመቁጠር ሊለያቸው ይችላል። 15 ጥንድ እግር ያላቸው ሁለት ናቸው። አንዱ እግሩ እንደ ሸረሪት ረጃጅም የሆነና በግድግዳ ላይ ሽው የሚለው ነው፤ ሌላው አጠር ጠፍጠፍ ያለና ከድንጋይ ሥር የሚኖረው ነው። ሦስተኛው በአብዛኛው 21 ወይም 23 ጥንድ እግር ያለው ትልቁና ወፍራሙ፣ ስኮሎፔንድራ የሚባለው ወገን የሚመደብበት ነው። በቆላ የኖረ ሰው ይህንን በሚገባ ያውቀዋል፤ ሲነክስ የሚያስለቅስ እሱ ነው። አራተኛው የአፈር መቶ እግር ነው። ይህ ቢያንስ 27፣ ቢበዛ ደግሞ 191 ጥንድ እግር አለው፤ ዓይን የሚባል ነገር የለውም፤ ሰውነቱ እንደ ክር የቀጠነ ነው። ከ40 ጥንድ በላይ የቆጠርኩለት የኛ ግቢ እንስሳ እንግዲህ የዚህ የአራተኛው ቤተ ዘመድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የአዋቂ መቶ እግር የእግር ጥንድ ሁልጊዜ ጎዶሎ ቁጥር ነው፤ 15፣ 21፣ 23፣ 49፣ 51፣ 53 እያለ ይሄዳል። መቶ እግር እንዲኖረው ደግሞ 50 ጥንድ ያስፈልገዋል፤ 50 ሙሉ ቁጥር ነው። ስለዚህ መቶ እግር የሚባለው ፍጥረት በተፈጥሮ ሥርዓት መቶ እግር ሊኖረው አይችልም። 98 ሊኖረው ይችላል፣ 102 ሊኖረው ይችላል፤ መቶ ግን የለም። መልአኩ ሳይቆጥር ነው ያወጣው ያልኩት ለዚህ ነው።

ሺ እግር የሚባለው ዘመዱም ቢሆን ስሙን ያገኘው በዱቤ ነበር። ሺ እግር በአብዛኛዎቹ የሰውነቱ ቀለበቶች ላይ ሁለት ሁለት ጥንድ እግር አለው፤ የሚበላውም በስባሽ ቅጠል ስለሆነ ከመቶ እግር ጋር የሚያመሳስለው የእግር ብዛት ብቻ ነው። እውነተኛ ሺ እግር የተገኘው ገና እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ በሆነ ጥናት ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ለማዕድን ፍለጋ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ 60 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ 1,306 እግሮች ያሉት ዝርያ ተገኘ። ዱቤው ተከፈለ ማለት ነው።

ወደ እማማ ክስ እንመለስ። መቶ እግሮች ሁሉ አዳኞች ናቸው። ከጭንቅላታቸው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው የእግር ጥንድ መርዝ ወደሚያስገባ መቆንጠጫ ተለውጧል። የትልልቆቹ ንክሻ ኃይለኛ ሕመምና እብጠት ያመጣል፤ ቁስሉን በሳሙና ማጠብ፣ መተንፈስ የሚያስቸግር ወይም ፊት የሚያሳብጥ ከሆነ ደግሞ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። የአፈሩ መቶ እግር ግን መቆንጠጫው በጣም ትንሽ ስለሆነ የሰው ቆዳ መብሳት ብዙም አይሆንለትም። ራሱን የሚከላከለው ከሆዱ ሥር በሚያወጣው የሚያጣብቅ ፈሳሽ ነው። ጆሮ ውስጥ ገብቶ አንጎል ድረስ የሚሄድበት መንገድ የለም፤ በመካከሉ የጆሮ ታምቡር አለ። ሥራው አፈር ውስጥ ያሉ ትሎችንና የነፍሳት እጮችን ማደን ነው። ከእነዚህ እጮች መካከል የእማማን ጎመን ሥር የሚበሉት ይገኙበታል። እናቲቱ ደግሞ እንቁላሎቿን በሰውነቷ ጠቅልላ፣ ልጆቹ ተፈልፍለው ራሳቸውን እስኪችሉ ትጠብቃለች። ልጆቹ ሲፈለፈሉ የእግራቸው ቁጥር የተሟላ ነው፤ እንደ አንዳንድ ዘመዶቻቸው እያደጉ እግር አይጨምሩም።

ስለዚህ የማላታይኑን ነገር አስቡት። መርዙ የነርቭ ሥራን የሚያውክ ነው፤ አዳኙንና ታዳኙን አይለይም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ደግሞ በፍጥነት የሚራባው ተባይ ተመልሶ ሲመጣ ቀስ ብሎ የሚራባው አዳኝ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። ውጤቱ ጠባቂውን ገድሎ ሌባውን መጋበዝ ይሆናል። ጎመኑን የምንበላውም እኛው ነን።

እስከዚህ ድረስ ያለው ለእማማ የሚሆን መልስ ነው። እኔን ግን ነገሩ ከዚህ አለፍ አድርጎ ወሰደኝ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና። ስለ አፈር መቶ እግሮች ሳነብ የእንስሳት ስም አወጣጥ ራሱን የቻለ ሕግ፣ ራሱን የቻለ ክርክር እንዳለው አገኘሁ። የአንዱን መዝገብ ልንገራችሁ።

በዓለም ላይ በሰፊው ከተሰራጩት የአፈር መቶ እግሮች አንዱ ዛሬ ጂኦፊለስ ፍላቨስ የሚባለው ነው። ቢጫ ነው፤ ርዝመቱ 4 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ የእግሩ ጥንድ 50 አካባቢ (ግን 50 ያልሆነ!) ነው። አገሩ አውሮፓ ነው፤ ዛሬ ግን በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያም ይገኛል። ይህን ዝርያ መጀመሪያ ስም ሰጥቶ የመዘገበው ስዊድናዊው ባሮን ቻርልስ ደ ጊር ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1778፣ የሰጠውም ስም ስኮሎፔንድራ ፍላቫ ነበር። ‹‹ፍላቫ›› በላቲን ቢጫ ማለት ነው። ያኔ መቶ እግር ሁሉ ስኮሎፔንድራ ይባል ነበር፤ የዘመናዊው ስያሜ አባት ካርል ሊኒየስ በ1758 ባሳተመው መጽሐፍ ሁሉንም በአንድ ጎተራ ነበርና የከተታቸው።

በ1814 እንግሊዛዊው ዊልያም ሊች የአፈሮቹን ለይቶ ጂኦፊለስ የሚል አዲስ ወገን አቋቋመ፤ በግሪክ ‹‹አፈር ወዳጅ›› እንደ ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት፣ በ1815፣ ያንኑ ቢጫውን እንስሳ አዲስ ነገር ያገኘ መስሎት ጂኦፊለስ ሎንጊኮርኒስ አለው። በ1842 ደግሞ ኒውፖርት የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ ኔክሮፍሊዮፋገስ የሚል ሌላ ወገን ፈጠረለት። ትርጉሙ ‹‹የሞተ ቅርፊት በላተኛ›› ነው። ሥጋ በል የሆነን እንስሳ! ሊች ራሱ ሌላውን ዘመዱን ካርፖፋገስ፣ ማለትም ‹‹ፍሬ በላተኛ›› ብሎት ነበር። እንግሊዞች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ድረስ ቢጫውን እንስሳ ኔክሮፍሊዮፋገስ ሎንጊኮርኒስ እያሉ በመጻሕፍት ሲጽፉት ኖሩ።

እንግዲህ አንድ እንስሳ፣ በርካታ ስሞች። የትኛው ይጽና? እዚህ ላይ ነው ሕጉ የሚመጣው። የእንስሳት ስያሜ ጉዳይን የሚዳኝ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ከ1895 ጀምሮ አለ፤ ዛሬ የሚሠራበት ሕግ አራተኛ እትሙ ከጥር 1 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና ነው። ዋናው መርህ ቀዳሚነት ነው። በሥርዓቱ መሠረት አስቀድሞ የታተመ ስም ይጸናል፤ ቆጠራውም የሚጀምረው ከ1758 ነው። ደ ጊር ሊችን በ37 ዓመት ስለቀደመው ‹‹ፍላቫ›› ረታ። ወገኑ ግን የሊች ‹‹ጂኦፊለስ›› ሆነ። ጂኦፊለስ በሰዋስው ወንዴ ፆታ ስለሆነ ‹‹ፍላቫ›› ወደ ‹‹ፍላቨስ›› ተለወጠ። ዝርያው ከተመዘገበበት ወገን ወደ ሌላ ወገን መዛወሩን ለማሳየት ደግሞ የደ ጊር ስም በቅንፍ ውስጥ ይጻፋል። ልክ በቤት ካርታ ጀርባ ላይ እንደሚጻፍ የስም ማዛወሪያ ማስታወሻ ነው።

ይህን ሳነብ የተማርኩት የፍትሐ ብሔር ሕግ ትዝ አለኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለቤት የሌለውን ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ነገር የራሱ ለማድረግ አስቦ የያዘ ሰው ባለቤት እንደሚሆን ይደነግጋል። ያው የቀዳሚነት መርህ ነው። እንደዚሁም የማይንቀሳቀስ ንብረትን 15 ዓመት ያለማቋረጥ ይዞ፣ ግብሩን በስሙ እየከፈለ የኖረ ሰው በይርጋ ባለቤት ይሆናል ይላል። የእንስሳት ስያሜ ሕግም የራሱ ይርጋ አለው። ቀዳሚው ስም ከ1899 ወዲህ ማንም ያልተጠቀመበት ከሆነና ተከታዩ ስም ባለፉት 50 ዓመታት ቢያንስ በ10 ጸሐፊዎች በ25 ሥራዎች ውስጥ ከተሠራበት፣ ተከታዩ ይጸናል። ረስቶ የተኛ ባለመብት በሁለቱም ዘንድ ይሸነፋል።

ሦስተኛው ነገር ማስረጃ ነው። አዲስ ዝርያ ሲሰየም ስሙ የሚታሰረው በወረቀት ላይ ካለው መግለጫ ጋር ብቻ አይደለም፤ በአንድ ሙዚየም ከተቀመጠ አንድ የተወሰነ እንስሳ ጋር ነው። ይህ የስሙ መሠረት የሆነ ናሙና ይባላል። ነገ ክርክር ቢነሳ ተመራማሪው ወደዚያ ሙዚየም ሄዶ ጠርሙሱን ያስከፍታል፤ ፍርድ ቤት የኤግዚቢት ክፍል እንደሚያስከፍት ማለት ነው።

ክርክርም ይነሳል። ‹‹ፍሬ በላተኛ›› የተባለውን ጂኦፊለስ ካርፖፋገስን ውሰዱ። እንግሊዞች ለብዙ ዘመን አንድ ዝርያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ነገር ግን አንዳንዱ ብዙ እግር፣ አንዳንዱ ያነሰ እግር ነበረው። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥም የእግር ቁጥር ይለያያል። ለምሳሌ በብሪታንያ የባሕር ዳርቻ በሚኖረው በአንዱ ዝርያ ከደቡብ ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር የእግር ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል። ተመራማሪዎቹ ግን እግር ከመቁጠር አልፈው በሰውነቱ ውስጥ ያሉትን ኢንዛይሞች ሲያነጻጽሩ ሁለቱ እንደማይዳቀሉ፣ ሁለት ልዩ ልዩ ዝርያዎች እንደሆኑ ደረሱበት። በ2001 ሁለተኛው ጂኦፊለስ ኢሶኒ ተብሎ ተሰየመ። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው እያንዳንዱ ቁጥቋጦ በተፈተሸበት አገር፣ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው።

አሁን ወደ ስርጭቱ እንምጣ። ዓይን የሌለው፣ ክንፍ የሌለው፣ ፀሐይ ላይ ጥቂት ቢቆይ ደርቆ የሚሞት እንስሳ ውቅያኖስ እንዴት ተሻገረ? ያሻገረው ሰው ነው። አፈር በያዘ የችግኝ ማሰሮ፣ በዛፍ ሥር፣ በመርከብ ሚዛን መጠበቂያነት በተጫነ አፈርና ድንጋይ ተሳፍሮ ነው። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከውጭ መጥቶ ዛሬ ያለሱ አዲስ አበባን ማሰብ እንደማንችለው ሁሉ፣ አፈር ውስጥ ያለውም ስደተኛ ከጥቂት ትውልድ በኋላ ማን ነባር ማን መጤ እንደሆነ አይለይም። ዛሬ በመንገዶቻችን ዳር የሚተከሉት አበባዎችና ዘንባባዎች ሁሉ ከነአፈራቸው በመኪና ተጭነው ሲመጡ ሳይ ‹‹ስንት ዓይነ ስውር ተሳፋሪ ይዘው ይሆን?›› እላለሁ።

ስለ ስርጭት ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ‹‹ይህ ዝርያ በሰፊው ይገኛል›› የሚለው ካርታ የሚያሳየው እንስሳው ያለበትን ብቻ ሳይሆን ፈላጊ የሄደበትንም ነው። አውሮፓ ለ250 ዓመታት ስለተፈለገ ካርታው በነጥብ ተሞልቷል። ነጥብ የሌለበት ቦታ ግን እንስሳ የሌለበት ሳይሆን ሰው ጎንበስ ብሎ ያላየበት ሊሆን ይችላል።

በእኛ አገር ጎንበስ ብለው ያዩት እነማን ነበሩ? ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጎንደርና ሰሜን ተራሮች ደርሶ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ሰየማቸው፤ መሬት ለመሬት የሚኖረውን ፍልፈላችንን ጭምር ሰይሟል። የሰበሰባቸው እንስሳት የሄዱት ወደ ፍራንክፈርት ነው። ጣሊያናዊው ኦራዚዮ አንቲኖሪ በ1876 የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ልዑካንን መርቶ ሸዋ ገባ፤ ምኒልክ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጡት፤ እዚያው በ1882 አረፈ። ከእርሱና ከተከታዮቹ ጠርሙሶች ብዙው ጄኖቫ ወዳለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተጓዘ። ሻምበል ቪቶሪዮ ቦተጎ በ1892 እና 1893 ገናሌንና የጁባን ገባሮች ሲያስስ ከሰበሰባቸው መካከል መቶ እግሮችና ሺ እግሮች ነበሩ፤ ፊሊፖ ሲልቬስትሪ የተባለው ወጣት ሳይንቲስት በ1895 ስለ እነርሱ የጻፈው የታተመውም በዚያው በጄኖቫው ሙዚየም መጽሔት ነው። ቦተጎ በሁለተኛ ጉዞው፣ በ1897፣ ወለጋ ውስጥ ተገደለ። ጠርሙሶቹ ግን ጣሊያን ቀርተዋል።

እንግዲህ እንስሳው የእኛ፣ አፈሩ የእኛ፣ ማስረጃው ግን ፍራንክፈርትና ጄኖቫ። ይህን የምለው የነጭን ውለታ ለመካድ አይደለም። እነርሱ ባይሰበስቡት ኖሮ ምናልባት ዛሬም ስም ባልነበረው። ነገር ግን መዝገቡ የሌለው ሰው ክርክር ሲነሳ ምን እንደሚገጥመው በጤፍ አይተነዋል። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2003 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለመብትነት ጠየቀ። በ2005 ከኢትዮጵያ መንግሥት ተቋማት ጋር ስምምነት ተፈራረመ፤ መብቱም በአውሮፓ ተሰጠው። እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት የማታውቀው የጤፍ ባለመብት ተገኘ ማለት ነው። መብቱን የሔግ ፍርድ ቤት የሻረው በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ክርክሩም የነበረው በሁለት የኔዘርላንድ ኩባንያዎች መካከል ነው። እኛ የድሉን ዜና የሰማነው በ2019 ነው። በአገር ውስጥ ስለ ጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን፤ ጥሩ አዋጅ ነው። ነገር ግን አዋጅ የሚጠብቀው የታወቀን ነገር ነው። ያልተቆጠረ፣ ያልተሰየመ፣ ናሙናው ያልተቀመጠ ፍጥረት ቢወሰድ ማን ተወሰደብኝ ብሎ ይከሳል?

ይህን ስጽፍ ሐሳቤ ወደ ጎረቤታችን ወደ ካዛንችስ ይሄዳል። ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምህፃረ ቃል ነው፤ ‹‹ካዛ ኢንቺስ›› የሚለው በአፋችን ተሟሽቶ ካዛንችስ ሆነ። ሰጪው ሲወጣ ስሙ ቀረ፤ የኛ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ፣ ለዘመናት ያልተነካው አፈር በገልባጭ መኪና እየተጫነ ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ። በዚያ ሰሞን በየበሩ ይሰማ የነበረው ጥያቄም የምደባ ጥያቄ ነበር። ‹‹አንተ ባለ ይዞታ ነህ ወይስ የቀበሌ ቤት ተከራይ? ደባል ነህ ወይስ የግለሰብ ተከራይ?›› በአንድ ጣራ ሥር 30 ዓመት አብረው ቡና የጠጡ ሰዎች በመዝገብ ላይ በተጻፈላቸው አንድ ቃል ምክንያት አንዱ ምትክ ቦታና ካሣ፣ አንዱ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይደርሰው ተለያዩ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ካሣ ሲናገር የሚናገረው በመደብ ነው። የትኛው መደብ ውስጥ እንደወደቅህ ነው ዕጣህን የሚወስነው። ምደባ የሊቃውንት ጨዋታ የሚመስለው ሰው ካለ የዚያን ሰሞን የካዛንችስን ሰው ይጠይቅ።

የምደባ ሥራ ደግሞ በቅርባችን አለ። አራት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ልጆቻችንን ለመዝናኛ ስንት ቦታ እንወስዳለን፤ እዚያ የወሰድን ግን ስንቶቻችን ነን? አንበሳውንና ወፎቹን አይተው ሲጨርሱ፣ ‹‹በግቢያችን አፈር ውስጥ ያሉትስ የት ናቸው?›› ብሎ የሚጠይቅ አንድ ልጅ ቢወጣ፣ ያ ልጅ ነገ ጎንበስ ብሎ የሚቆጥር ይሆናል። ሕንፃ ሲቆፈር፣ መንገድ ሲዘረጋ፣ ከሚወጣው አፈር አንድ ባልዲ ቢመረመር ዋጋው ከአንድ የምረቃ ድግስ አይበልጥም። ናሙናውም በአራት ኪሎ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል፤ ክርክር ሲነሳ ፈረንጁ ቪዛ ጠይቆ እኛ ዘንድ ይመጣል።

በቀጠሮው ቀን ለእማማ የደረስኩበትን ነገርኳቸው። የእግሩን ቁጥር፣ ዓይን እንደሌለው፣ እጭ እንደሚያድን፣ እናቲቱ እንቁላሏን እንዴት እንደምታቅፍ። የእናቲቱ ነገር ልባቸውን ሳይነካው አልቀረም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ዝም አሉ። ከዚያ ማላታይኑን የያዘውን ብልቃጥ ለልጁ መልሰው፣ ‹‹ሂድ፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ፣ ሕፃን የማይደርስበት አስቀምጠው›› አሉት።

ቧንቧው ተጠግኖ ቦዩ ሲደፈን እኔም የጠርሙሱን እንስሳ ወደ አፈሩ መለስኩት። እማማ ከበራቸው ሆነው ይመለከቱኝ ነበር።

‹‹ለመሆኑ ሊቃውንቱ ማን ነው የሚሉት?›› አሉኝ።

‹‹ወገኑን ባጠቃላይ አፈር ወዳጅ ይሉታል፣ እማማ።››

‹‹እንግዲያው አፈር ከወደደ አፈሩ ውስጥ ይቀመጥ። ቤቴ ውስጥ ካየሁት ግን ቀጠሮ የለም!››